ሽታው ሲጠፋ

ወንድሜ ጠዋት ሥራ ሲሄድ አንገቱ ላይ የነበረው የብር መስቀል ነጭ ነበር። ሲመለስልን ጥቁር ነበር።

እንዲህ ብዬ መጀመሬ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። መጻፍ አልለመድኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ግን ከየት ልጀምር ባልኩ ቁጥር የሚመጣብኝ መስቀሉ ነው። ከሆስፒታሉ በላስቲክ ከረጢት አድርገው ሰጡን። ስልኩ፣ ቀበቶው፣ የቤቱ ቁልፍ፣ መስቀሉ።

እናቴ ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ አወጣች። መስቀሉ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። አልለቀቀም። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። አሁንም አልለቀቀም። ከዚያ በነጭ መሀረብ ጠቀለለችውና ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከልብሶቹ ሥር ከተተችው። ሁለት ዓመት ከዚያ አልወጣም።

መስቀሉን የክርስትና አባቱ ነው የሰጠው። ክሩ ስንት ጊዜ ተበጥሶ ተቀይሯል፤ መስቀሉ ግን ያው ነው። ሕፃን ሆኖ ጥርስ ሲያወጣ ያኝከው ነበር አሉ፤ አንዱ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነገር አለ።

ለቅሶ ላይ ከጎረቤት ሴቶች አንዷ መጥቆሩን አይታ ነበር። ከድንኳኑ ጀርባ ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሰማኋት።

«መስቀል በሰው አንገት ላይ እንደዚያ ይጠቁራል እንዴ?»

«ተዪ አንቺ። እናቱ እንዳትሰማሽ።»

እናቴ ግን ሰምታለች። እንደሰማች የማውቀው ከዚያ በኋላ ጎህ ሲቀድ ስትጸልይ ስለምሰማት ነው። ቤታችን በመካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ምንም አይደብቅም። የምትለው አንድ ነገር ነበር። «ልጄ ምን አድርጎህ ነው?» ትላለች። ሌላ አትጨምርም። ለምን ሞተ አትልም። ለምን ጠቆረ ነው የምትጠይቀው።

ለምን እንደጠቆረ ያኔም ትንሽ ገምቻለሁ፤ እርግጠኛ ግን አልነበርኩም። ሌላም የማውቀው ነገር ነበር፤ እሱን ግን ለማንም አልነገርኩም።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል? እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። እሱ ቆሟል፤ እኔ እየሄድኩ ነው። አሁን አራት ዓመት ብቻ ቀርቶኛል።

የሽንት ቤት መምጠጫ መኪና ላይ ነበር የሚሠራው። አንድ ሹፌር፣ አንድ ጎማ ያዥ፤ የመምጠጫውን ጎማ የሚይዘው እሱ ነው። ከአዳማ ተነስተው ሞጆ፣ መቂ፣ አዳሚ ቱሉ፣ እስከ ላንጋኖ ድረስ ይወርዳሉ። ጉድጓድ የሞላበት ሁሉ ይጠራቸዋል። ሹፌሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እናትና አባታቸው የቦሰት ገበሬዎች ነበሩ፤ አማርኛቸው መሀል ኦሮምኛ ይገባል፤ ኦሮምኛቸው መሀል ደግሞ ስድብ። ሥራችሁ ምንድነው ሲሏቸው «ማር ጫኞች ነን» ይላሉ። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ መኪናው መታጠፊያው ላይ ብቅ ሲል «ሽቶው መጣ! ሽቶው መጣ!» እያሉ አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጣሉ። ወንድሜ ከመስኮቱ እጁን አውጥቶ እንደ ሚኒስትር ያውለበልብላቸው ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ግን እንዲህ አልነበረም። እየመጣ ያስታውክ ነበር። አልችልም፣ ልተወው ነው አለ። እናቴ «ይለመዳል ልጄ» አለችው። «ምን የማይለመድ ነገር አለ?»

ለመደው። ወይም እኛ እንደዚያ መሰለን። ማታ ሲመጣ ግቢው ካለችው ቧንቧ ሥር ሁለት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዴ በልብስ ሳሙና፣ አንዴ በገላ ሳሙና። ከዚያ ግማሽ ሎሚ እጁ ላይ ያሻል። ከዚያም በኋላ እራት ሲበላ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ማንም ራቅ በል አላለውም፤ ራሱ ነው። ሲስቅ ደግሞ አፉን በመዳፉ ይሸፍናል። ጥርሱ ቡናማ ነው፤ የኔም ነው። የዚህ የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ አለበት፤ በልጅነቱ የጠጣውን ሰው እስኪሞት ምልክት ያደርግበታል። አዲስ አበባ ብትሄድ ማንም «የናዝሬት ልጅ ነህ?» ይልሃል። እኔ በዚህ አፍሬ አላውቅም ነበር። እሱ ያፍር ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የኬሚስትሪ አስተማሪያችን አንድ ቀን ትንሽ የመስታወት ቱቦ ይዘው ገቡ። ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ነበረው፤ ዕቃ ግን አልነበረውም። ስለዚህ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብረትና ድኝ አንድ ላይ አቅልጠው ያዘጋጁት ጥቁር ነገር ቱቦው ውስጥ ነበር። ድኝ ማለት በመጽሐፉ ሰልፈር የሚባለው ነው። በላዩ ላይ አሲድ ጠብ ጠብ አደረጉበት። መጀመሪያ ትንሽ አረፋ ታየ። ከዚያ ሽታው መጣ።

የበሰበሰ እንቁላል።

«ማነው የለቀቀው?» አለ ከኋላ አንዱ።

«እሱን ስትጠይቅ አንተ ነህ ማለት ነው!»

ክፍሉ በሙሉ ተነስቶ ወጣ። አስተማሪያችን መስኮት እየከፈቱ እሳቸውም ይስቁ ነበር። ውጭ ግራር ዛፍ ሥር ቆመን እየተገፋፋን ስንስቅ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየን። ስንመለስ ሽታው የለም። አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ነበር። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ። ሁለት ሃይድሮጅን፣ አንድ ሰልፈር። ቀለም የለውም። እንደ በሰበሰ እንቁላል ይሸታል። መርዛማ ነው። ሌላም ሊጽፉ ጠመኔውን አነሱ፤ ደወል ተደወለ።

እነዚያን መስመሮች ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ። ከሥራቸው ባዶ ቦታ ትቼ ነበር፤ ነገ ይቀጥላል ብዬ። በማግስቱ ሌላ ምዕራፍ ጀመርን።

ያን ዕለት ማታ ወንድሜ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ሲበላ እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ዛሬ ያንተን ሥራ ተማርን።»

«ሽንት ቤት መምጠጥ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ጀመራችሁ? እኔ ስምንተኛን አቋርጬ ነው የገባሁበት። ቀድሜያችኋለሁ።»

«ጋዙን ነው የምልህ። ጉድጓድ ውስጥ የሚሸተው። አየር በማይገባበት ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚሠሩት። ስሙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው።»

«ስም አለው እንዴ!» አለና አፉን ሸፍኖ ሳቀ። «ይሄን ሁሉ ጊዜ አብረን ስንውል ስሙን ሳልጠይቀው!»

ከዚያ ጉርሻውን እንደያዘ ጠየቀኝ። «ይገድላል ይላሉ፤ እውነት ነው?»

«መርዝ ነው። ግን ይሸታል አይደል? መሽተቱ ማስጠንቀቂያ ነው። እስከሸተተህ ድረስ እንዳትገባ። ሽታው ሲጠፋ ጋዙ ሄዷል ማለት ነው።»

ይህን ማንም አላስተማረኝም። አስተማሪያችን አላሉም። ሰሌዳው ላይ አልተጻፈም። ክፍላችን ውስጥ ሸተተ፣ ወጣን፣ ተመለስን፣ አልሸተተም፤ ከዚያ ነው ያገኘሁት። ለኔ ማወቅ ማለት ያ ነበር።

«ሽታው ሲጠፋ ሄዷል» አለ ወንድሜ፣ እንደሚሸመድድ። «ጥሩ። ለሽማግሌውም እነግራቸዋለሁ። ወንድሜ ፕሮፌሰር ነው እላቸዋለሁ።»

ነግሯቸዋል።

የሆነው ከዚያ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። እዚያ አልነበርኩም። የማውቀው ሹፌሩ በሠልስቱ የነገሩኝን ነው። ከድንኳኑ ውጭ፣ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን። መጀመሪያ «ኦቦሌሳ» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለት ነው። ከዚያ መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

ላንጋኖ ዳር ካሉት ማረፊያዎች አንዱ ጋ ነበሩ። ከሰዓት በፊት ነው፤ ፀሐይ ነው። የጉድጓዱ ክዳን ሲከፈት ሽታው እንደ ወትሮው ነበር። ጥቂት ቆይተው መምጠጥ ጀመሩ። ግማሽ ላይ ጎማው ታች ጨርቅ ያዘ። ወንድሜ በረጅም እንጨት ዝቃጩን ቆሰቆሰው።

«ሲቆሰቁሰው ሽታው ጨመረ» አሉኝ። «ጨመረ፤ ጨመረ። ከዚያ ቀና አለና ‹ጋሼ ጠፋ› አለኝ። ‹ምኑ?› አልኩት። ‹ሽታው ነዋ› አለኝ። እኔ መኪናው ጋ ነኝ። እኔን ይሸተኛል። ‹ኧረ ይሸታል አንተ!› አልኩት። ‹የእርስዎ አፍንጫ ነው የሚሸተው› ብሎ ሳቀብኝ። ‹ቆይ› አልኩት። ‹ግድ የለም፤ ወንድሜ ተምሮ ነግሮኛል፤ ሽታው ሲጠፋ ጋዙ ሄዷል› አለና ጨርቁን ሊያወጣ መሰላሉን ያዘ።»

ሦስተኛው መወጣጫ ላይ እጁ ለቀቀ። አልጮኸም። «መብራት እንደሚጠፋ ነው» አሉኝ። የማረፊያው ዘበኛ ዘሎ ሊገባ ሲል ሹፌሩ በቀበቶው ይዘው አስቀሩት፤ ሁለቱም መሬት ላይ ወደቁ። በኋላ በገመድና በመንጠቆ አወጡት። ያን ክፍል ብዙ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅሁም።

ሹፌሩ ይህን ሲነግሩኝ ሊወጉኝ አልነበረም። ወንድምህ አንተን ያምን ነበር፣ ይኮራብህ ነበር ሊሉኝ ነው። ጨርሰው ቀና ሲሉ ፊቴን አዩት። ያኔ ገባቸው። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ፤ ከዚያ አነሱት።

እናቴ ከኛ አሥር ርምጃ ርቃ ድንኳኑ ውስጥ ነበረች። ሰዎች እየተፈራረቁ ጆሮዋ ሥር «ይለመዳል፤ ቀን ሲሄድ ይለመዳል» ይሏት ነበር።

ሹፌሩ ሥራውን ትተዋል። አልፎ አልፎ መናኸሪያው አካባቢ አገኛቸዋለሁ። «አካም ጅርታ ኦቦሌሳ?» ብለው ሰላም ይሉኛል። «ፈያ፣ እርስዎስ?» እላቸዋለሁ። ከዚያ ሁለታችንም የምንሄድበት ይኖረናል።

እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉን ፈተና አላለፍኩም። አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ወንበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ይመጣል፤ ማንም አይቀመጥም። «ፊትና ኋላ አድርግልኝ» ይላል፣ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ነፋስ ሲነሳ በሩን ግማሽ እዘጋለሁ፤ አቧራው ማሽኑ ውስጥ ይገባል። ቤት ስገባ እናቴ ትጠይቀኛለች፣ እመልሳለሁ፤ ከዚያ እሷም ወደ ዝምታዋ፣ እኔም ወደ አልጋዬ። ከአልጋዬ ፊት ለፊት የሱ አልጋ አለ። እናቴ አንሶላውን በየሳምንቱ ትቀይረዋለች።

ዘንድሮ አንድ ተማሪ የአስተማሪ ማስታወሻ ይዞ መጣ። «አርባ ኮፒ» አለኝና ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ገጹን መስታወቱ ላይ ሳስተካክል ርዕሱን አየሁት። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ።

ክዳኑን ሳልዘጋ ቆምኩ።

የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ደብተሬ ላይ ያሉት ናቸው። ከዚያ በታች ሌላው ነበር፤ ደወሉ የቆረጠው። ከአየር ይከብዳል ይላል። ይህን በጣቴ አሰላሁት፤ ሰልፈር ሠላሳ ሁለት፣ ሁለት ሃይድሮጅን ሁለት፣ ሠላሳ አራት። አየር ወደ ሃያ ዘጠኝ ነው። ስለዚህ ይወርዳል፤ ጉድጓድ ሥር እንደ ውሃ ይተኛል። ውሃ ውስጥ ይሟሟል ይላል፤ ሲቆሰቆስ እንደተናጠ ለስላሳ ይወጣል። በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። ብርን ያጠቁራል።

ከዚያ እንዲህ ይላል። ጥቂት ሲሆን ይሸታል። ሲበዛ የማሽተት ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ሽታው የጠፋ ይመስለዋል።

አርባ ጊዜ ወጣ። ማሽኑ ብርሃኑን እያሳለፈ በመለሰ ቁጥር ያንኑ መስመር አነበብኩት። አፍንጫ ለምዶት አይደለም። ይለመዳል የሚባለው ሌላ ነገር ነው። ሽታው የጠፋው ጋዙ ስለሄደ ሳይሆን ስለበዛ ነበር። መኪናው ጋ የቆሙት ሽማግሌ ይሸታቸዋል፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመው ወንድሜ አይሸተውም። እኔ የነገርኩት ምልክት፣ ግባ የሚለው ምልክት፣ ሽሽ የሚለው ነበር።

ተማሪው ተመልሶ ሲመጣ አርባ አንድ ኮፒ አገኘ። «አንዱ ትርፍ ነው» አለኝ። «እሱ የኔ ነው» አልኩት።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ውስጥ አድርጌ ቤት ገባሁ። ሁሉንም ልነግራት ነበር። እውነቴን ነው፤ ሁሉንም። ግን ከመስቀሉ ልጀምር አልኩ። ቀላሉ እሱ መሰለኝ።

«እማዬ፣ መስቀሉ ለምን እንደጠቆረ አውቄያለሁ። ምልክት አይደለም። ጋዙ ውስጥ ሰልፈር አለ፤ ሰልፈሩ ከብሩ ጋር ተያይዞ ነው።»

«ምን አለ?»

«ሰልፈር።»

አልገባትም። ታዲያ ምን ልበላት? በአማርኛ የሚባለውን ፈለግሁ፤ አገኘሁት፤ ደስም አለኝ።

«ድኝ» አልኳት።

እናቴ የያዘችውን ሽንኩርት አስቀመጠች።

«ድኝ?» አለች። «በሰዶም ላይ የዘነበው?»

አሁን ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይሞቃል። እሷ ይህን ቃል የምታውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። እሳትና ድኝ። እግዚአብሔር ከተማን ሲያጠፋ ያወረደው። እኔ ከልጇ አንገት ላይ ቁጣን ላነሳ ሄጄ ስሙን ጠርቼ አስቀመጥኩላት።

«አይ እማዬ፣ እንደዚያ ማለቴ...»

«ይብቃ» አለች። «ሽንኩርቱን ላቁላ።»

ከዚያ ጠዋት ጠዋት የምትሰግደው ስግደት ጨመረ። ጉልበቷ ያማታል፤ በግድግዳው በኩል ስትነሳ የምታወጣውን ድምፅ እሰማለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። «ልጄ ምን አድርጎህ ነው?» ማለቷንም ትታለች። መልስ ያገኘች ይመስል ነበር። እሷን ያስጨነቃት የሱ ኃጢአት ነው፤ ጥፋቱ ግን የኔ ነው፤ እኔ ከግድግዳው በዚህ በኩል ዝም ብዬ ተኝቻለሁ።

አንድ ቅዳሜ ሥራ ቦታ ሳልሄድ ገበያ መሀል ብር ሠሪ ጋ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ሀጂ ናቸው፤ መነጽራቸው አንድ እጀታው በክር የታሰረ። መስቀሉን አልያዝኩም፤ ከቁም ሣጥኑ ያለ እሷ ፈቃድ ማውጣት አልሆነልኝም። በቃል ነገርኳቸው። ጥቁር፣ እንደ ከሰል፣ በአንድ ቀን።

«ፍል ውሃ ገብቶ ነው?» አሉኝ።

«አይ።»

«ፍል ውሃ የገባ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ሙሽሮች ለሽርሽር ሄደው ውሃው ውስጥ ይዘፈቃሉ፤ በማግስቱ ሙሽሪት እያለቀሰች ቀለበቷን ይዛ ትመጣለች። ‹ሀጂ፣ ተጭበርብሬያለሁ፣ ብር አይደለም› ትለኛለች። ወላሂ፣ ትዳር ሁለት ጊዜ አስታርቄያለሁ!» ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቁን ተዉት። «የሚጠቁረው ብር ስለሆነ ነው ልጄ። ውሸቱ ቢሆን እንዲህ አይጠቁርም።»

ምን እንደማደርግ ነገሩኝ። አሉሚኒየም ፎይል፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የፈላ ውሃ። «በአሸዋ እንዳትፈትገው» አሉኝ። «ስትፈትገው ብሩን ራሱን ነው የምትወስደው። እንዲህ ካደረግህ ግን ጥቁሩ ብሩን ትቶ ወደ ፎይሉ ይሄዳል።»

ወደ ቤት ስመለስ ግን የማስበው ሙሽሪቷን አልነበረም። ፍል ውሃውን ነበር። እናቴ ለጉልበቷ በየዓመቱ ፍል ውሃ ትሄድ ነበር፤ ወንድሜ ከመሞቱ በፊት። በሚኒባስ ሄዳ ሦስት ቀን ተቀምጣ ትመጣለች። ልብሷ የሆነ ሽታ ይዞ ይመጣል። እኔ አፍንጫዬን ስይዝ «ዝም በል፤ መድኃኒት ነው» ትለኝ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከምሳ በኋላ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ጉልበትሽን ያሻለሽ ውሃ ምን ምን ይሸት ነበር?»

«እንቁላል እንቁላል» አለች። «የከረመ እንቁላል።»

«ያ ድኝ ነው። ያው ራሱ ነው። እዚያ ሽቅብ ከመሬት ይወጣል፤ ሜዳ ላይ ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል። ትንሹ ብቻ ነው አንቺን የሚሸትሽ። ጉድጓድ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ቁጣ አይደለም። ጋዝ ነው።»

እናቴ ተነስታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች። መሀረቡን ከነመስቀሉ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ራሷ አልፈታችውም።

ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ፎይሉን አነጠፍኩ። ጨውና ሶዳ በማንኪያ ጨመርኩ። መስቀሉን ፎይሉ ላይ አስተኛሁት፤ ጎድጎድ ያለችው ጫፍ ወደ ላይ ሆነች። የፈላውን ውሃ አፈሰስኩ። አረፋ ተነሳ። እናቴ ከበስተጀርባዬ ቆማ ነበር።

ከዚያ ሽታው መጣ። ትንሽ ነው፤ ግን መጣ። ከብሩ ላይ የተለየው ሰልፈር ከውሃው ጋር ሲገናኝ እንደገና ያው ጋዝ ይሆናል፤ ጥቂቱ ይወጣል። ይህን አውቃለሁ፤ ጠብቄዋለሁም። እናቴን ግን አልጠበቅኋትም። ወደ ኋላ ትላለች ብዬ ነበር። ጎንበስ አለች። ፊቷን ሳህኑ ላይ አደረገች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«የሱ ሽታ ነው» አለች።

ነው። ሁለት ጊዜ ታጥቦ፣ ሎሚ አሽቶ፣ በሩ አጠገብ ሲቀመጥ፣ ከሥር ሥሩ የሚቀረው። እኔ አላሰብኩትም ነበር። ሁለት ዓመት ቤታችን ውስጥ ያልሸተተ ነገር።

እንደዚያ እንዳጎነበሰች ቆየች። እንፋሎቱ ፊቷን አረጠበው፤ ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ሳህኑ ውስጥ የመስቀሉ አንድ ክንድ መንጣት ጀመረ፤ ፎይሉ ደግሞ ጠቆረ። ከዚያ ቀና አለች።

«ጠፋ» አለችኝ። «አሁን አይሸተኝም።»

ይህን ቃል ከሷ አፍ ስሰማ ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ እሱም ‹ጠፋ› ብሎ ነው የገባው።»

«ማን ነገረህ?»

«ሹፌሩ። ‹ወንድሜ ተምሮ ነግሮኛል፣ ሽታው ሲጠፋ ጋዙ ሄዷል› ብሎ ነው የገባው። እኔ ነኝ የነገርኩት። ልክ አልነበረም። ሲበዛ አፍንጫን ይገድላል፤ ያኔ አይሸትም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የማውቀው ግማሹን ነው፤ እንደሞላ አድርጌ ነው የነገርኩት።»

በሩ ላይ ነፋሱ መጋረጃውን ያንቀሳቅሰው ነበር። ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩምባ ተሰማ። እናቴ እኔን ሳይሆን ሳህኑን ታይ ነበር።

«አመነህ?» አለች።

«አመነኝ።»

«እንዳይሞት ብለህ ነው የነገርከው?»

«አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች። ለኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። «እኔም ይለመዳል ብዬዋለሁ» አለች፤ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቀድሞ ብዙ ጊዜ ለራሷ እንዳለችው ዓይነት። ይቅር አላለችኝም፤ አልወቀሰችኝምም። በማንኪያ መስቀሉን አወጣችው፤ በመሀረቡ አደረቀችው። ነጥቷል። ጎድጎድ ያለችው ጫፍ ላይ ግን ትንሽ ጥቁር ቀርቷል፤ ጥርሱ የነበረበት።

«ልድገመው?» አልኳት።

«ተወው፤ ይቅር።»

ከራሷ አንገት ክሯን ፈትታ መስቀሉን ከራሷ መስቀል አጠገብ አስገባችው። ሁለቱ ሲነካኩ ትንሽ ድምፅ አሰሙ።

ሳህኑን ይዤ ወጣሁና ውሃውን ግቢው ዳር ደፋሁት፤ እሱ ይታጠብባት ከነበረችው ቧንቧ ራቅ አድርጌ። ባዶውን ሳህን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። ምንም። እንደገና አሸተትኩ። ምንም የለም። ያ ምን ማለት እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም፤ ከእንግዲህም የምችል አይመስለኝም። ተመልሼ ገብቼ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፤ መስኮቱንም።

«አቧራ ይገባል፤ ዝጋው» አለች እናቴ።

«ትንሽ ይቆይ እማዬ» አልኳት።

ነፋሱ ገብቶ የሱን አልጋ አንሶላ ጫፍ አነሳው፤ ተነስታ ሄዳ በእጇ አስተካከለችው።